ኪራይ በቀረ ጊዜ፤ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች የባለመሬትና የጭሰኛ፣ የአከራይና የተከራይ መብት

፩. የነገሩ መነሻ

በጅማና በዙሪያዋ በሚገኙት የቡና ከተሞች፣ ይኸውም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሰቃና በጪራ፣ የአብዛኛው ሕዝብ ገንዘብ የሚገባው በአንድ ወቅት ነው። የቡናው ዛፍ በበልጉ ዝናብ ያብባል፤ ፍሬው ክረምቱን ሙሉ ያድጋል፤ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እየቀላ ሄዶ በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይለቀማል። በእነዚህ ወራት ገበሬው እሸቱን ወይም ያደረቀውን ጀንፈል ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል፤ ልብስ ይገዛል፤ ሠርግ ይደግሳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ግን በገበሬውም በባለሱቁም እጅ ገንዘብ ይጠፋል።

ኪራይ ይህን ወቅት አይጠብቅም። የሱቁ ኪራይ በየወሩ፣ የመሬቱ ኪራይ በውሉ ቀን ይጠየቃል። ከዚህ የተነሣ በቡና አገር የኪራይ መዘግየት እንግዳ ደራሽ ነገር ሳይሆን በየክረምቱ የሚጠበቅ ነገር ነው። ሊመረመር የሚገባውም ኪራይ በቀረ ጊዜ ማን ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ጥያቄ ነው። የአገሩ ልማድ ይህን ጥያቄ የሚፈታው «ቡናው ገባ ወይ?» ብሎ ነው፤ የተጻፈው ሕግ ደግሞ «ቀኑ አለፈ ወይ?» ብሎ ነው። ሁለቱ አጠያየቆች የሚጠብቁት ሰው አንድ አይደለም፤ የሚረሱትም ሰው እንዲሁ አንድ አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሐተታ ይህን ልዩነት የገጠሩን ኪራይ ከከተማው እየለየ ያስረዳል።

፪. ስለ ስሞቹ

የሰዎቹን ግንኙነት ለማወቅ ከስማቸው መጀመር ይጠቅማል። በአማርኛ በሌላ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ የሚያርስ ሰው ጭሰኛ ይባላል። ቃሉ ከጭስ የወጣ ነው፤ ጭሱ የሚጨስበት፣ ምድጃው የተተከለበት ስፍራ የሌላ ሰው መሬት የሆነ ማለት ነው። በጅማ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ይህ ሰው ቁብሲሳ ይባላል፤ የቃሉ ሥር ማስፈርንና ማስቀመጥን የሚያመለክት ስለሆነ «በሰው መሬት ላይ እንዲሰፍር የተደረገ» እንደ ማለት ነው። ባለመሬቱም አባ ላፋ፣ የመሬት አባት፣ ይባላል። እንግዲህ ጭሰኛም ሆነ ቁብሲሳ የሚሉት ስሞች ስለ ክፍያ አንዳች አይናገሩም፤ የሚናገሩት ስለ መኖር ነው። ገባር የሚለው ስም ግን ከግብር፣ ተከራይ የሚለውም ከኪራይ የተነሣ ስለሆነ ሁለቱ ሰውየውን በሚከፍለው ነገር ይጠሩታል።

ይህ ልዩነት የቋንቋ ብቻ አይደለም። ተከራይ ኪራዩን ባይከፍል የሚያጣው የተከራየውን ነገር ነው። ጭሰኛ ከመሬቱ ቢነሣ ግን ከእርሻው ጋር ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ ዳዶ የሚባለውን የሥራ መረዳጃ ማኅበሩን፣ በእጁ የተከለውንም ዛፍ ያጣል። ስለዚህ በገጠር የኪራይ ዕዳ ክርክር በሚነሣበት ጊዜ በሚዛኑ አንድ ወገን ያለው ገንዘብ ወይም እህል ሲሆን፣ በሌላው ወገን ያለው ምድጃ ነው።

፫. የመሬቱ ይዞታ በአጭሩ

የጅማ አባ ጅፋር መንግሥት በ1870ዎቹ ዓመታት ለዐፄ ምኒልክ በሰላም ስለገበረ፣ በውጊያ እንደ ተያዙት አንዳንድ ጎረቤቶቹ መሬቱ ወዲያው ለወታደር አልተከፋፈለም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ግብር እየላኩ አገራቸውን በራሳቸው ሹማምንት፣ በአባ ቆሮዎች አማካይነት ያስተዳድሩ ነበር። የሂርማታ የሐሙስ ገበያም ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚሰበሰብበት ታላቅ ገበያ ሆነ፤ የዛሬው የጅማ ከተማ የተመሠረተው በዚሁ ገበያ አካባቢ ነው። በ1924 ዓ.ም. የውስጥ አስተዳደሩ ነጻነት ቀርቶ የማዕከላዊው መንግሥት ሹማምንት ገቡ። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቡና ዋጋ እያወጣ ሲሄድ በመሬት ላይ ያለው ፍላጎት በረታ፤ በሹመትም በግዢም መሬት የያዙ ሰዎች በዙ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ከአራሹ ሕዝብ ግማሽ የሚበልጠው የሌላ ሰው መሬት የሚያርስ ነበር።

፬. የገጠሩ ኪራይ

የመሬት ኪራይ የሚከፈለው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው በቁርጥ ሲሆን፣ ምርቱ በዛም አነሰም የተወሰነ ገንዘብ መስጠት ነው። ሁለተኛው ከምርቱ ድርሻ መስጠት ነው፤ ይኸውም እንደ አገሩና እንደ ውሉ እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ ይባላል። ድርሻው የሚወሰነው በሬውን ማን አመጣ፣ ዘሩን ማን ሰጠ፣ መሬቱስ የለማ ነው ወይስ ጠፍ በሚለው ነገር ነበር። ከዚህ ሌላ ጭሰኛው ለባለመሬቱ ጉልበት ይሰጣል፤ በበዓልም መተያያ ይዞ ይሄዳል።

ሁለቱ መንገዶች ኪራይ በሚቀርበት ጊዜ የሚያስከትሉት ነገር የተለያየ ነው። በድርሻ የሚከፈል ኪራይ ዝናብ ቢቀር ወይም ተባይ ቢገባ ከምርቱ ጋር አብሮ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጉዳቱን ባለመሬቱና ጭሰኛው ይካፈሉታል። በቁርጥ የሚከፈለው ግን ዛፉ ባዶ በሆነበት ዓመትም ሳይጎድል ይጠየቃል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ይህ ልዩነት ለጭሰኛው ትልቅ ነገር ነበር፤ በሽታው አረንጓዴውን ፍሬ ገና በዛፉ ላይ ሳለ አጥቁሮ የሚያደርቅ ስለሆነ፣ በቁርጥ የተዋዋለ ሰው ያልለቀመውን ቡና ኪራይ ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ለእህል የሚስማማው የድርሻ ሥርዐት ለቡና እንደ ልብ አይስማማም። ጤፍ ወይም በቆሎ በአንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ በአንድ አውድማ ላይ በሁለቱም ፊት ተሰፍሮ ሊከፈል ይችላል። ቡና ግን በአንድ ቀን አይበስልም፤ በሦስት ወር ውስጥ ደጋግሞ ይለቀማል፤ በየቅርጫቱም በየገበያው ይሸጣል። ባለመሬቱ ሁልጊዜ ቆሞ ካልጠበቀ ድርሻው ሙሉ መሆኑን ሊያውቅ አይችልም፤ ጭሰኛውም አልሸሸግሁም ብሎ ሊያስረዳ አይችልም። ከዚህ የተነሣ በቡና መሬት ላይ ክርክሩ «አልከፈለም» ከሚለው ይልቅ «አጉድሏል» የሚለው ይሆናል።

ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ። የተተከለ የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ያፈራል። እህል የዘራ ጭሰኛ በአጨዳ ማግሥት ቢነሣ የደከመበትን ይዞ ይሄዳል፤ ቡና የተከለ ጭሰኛ ግን በአምስተኛው ዓመት ቢነሣ የደከመበትን ለባለመሬቱ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ለአንድ ዓመት የቀረ ኪራይ የሚያስነሣው ከሆነ፣ የአንድ ዓመቱ ዕዳ የአንድ ትውልድ ሀብት ይወስዳል ማለት ነው። በአርሲ በጭላሎ ከ1960 ዓ.ም. ወዲህ ባለመሬቶች በትራክተር ማሳረስ ሲጀምሩ ጭሰኞች የተነሡት መሬቱ ያለ እነርሱ ሊታረስ ስለሚችል ነበር። በቡና አገር ግን ጭሰኛውን ማስነሣት የሚያጓጓው መሬቱ በጭሰኛው ድካም ዋጋው ስለ ጨመረ ነው።

፭. የአገሩ ልማድ

ኪራይ በቀረ ጊዜ ባለመሬቱ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሽማግሌዎች ነው። ይህ የሽምግልና ሥርዐት በኦሮምኛ ጃርሱማ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ከሁሉ በፊት የሚመረምሩት ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑን ነው። ያመነና ያጣ ሰው ቡናው እስኪገባ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ለዚህም ዋስ ይጠራል። የካደ ሰው፣ ወይም ቡናውን ሸጦ ገንዘቡን የሸሸገ ሰው ግን ጊዜ አይገባውም። እንግዲህ በልማዱ ያጣና የካደ አንድ አይደሉም። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው እስላም ስለሆነ ይህ አስተያየት በሃይማኖትም ይደገፋል፤ የእስልምና ሕግ በዕዳ ላይ ወለድ መጨመርን ይከለክላል፤ የተቸገረውንም ባለዕዳ እስኪደላው ድረስ መታገሥን ያዛል። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት የሚታየው ዋናው ዕዳና የመክፈያው ጊዜ ነው፤ የመዘግየት ወለድ መጠየቅ ነውር ይሆናል።

የራሱ የቡና ዛፍ ያለው ባለዕዳ ሌላ መንገድም አለው። ዛፉን በወለድ አገድ ይሰጣል፤ ይኸውም ዋናው ዕዳ እስኪመለስ ድረስ ባለገንዘቡ ፍሬውን በወለድ ፈንታ እየለቀመ እንዲጠቀም ማድረግ ነው። ይህ መንገድ ለጊዜው ከመነሣት ያድናል፤ ነገር ግን ፍሬው የሚታሰበው ከወለዱ እንጂ ከዋናው ዕዳ ስላልሆነ፣ ባለዕዳው ዕዳውን የሚከፍልበትን ምርት ራሱን አሳልፎ ሰጥቷል። ብዙ ዓመት እየተለቀመበት ዕዳው ሳይጎድል ሊኖር ይችላል።

ልማዱ ርኅራኄ ያለው ቢመስልም ጉድለቱን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ ጊዜ የሚሰጠው ዋስ ላለው ሰው ነው። በለቀማ ወራት ከዳውሮ፣ ከኮንታና ከከፋ መጥቶ በዚያው የቀረ ሠራተኛ ዘመድ በአጠገቡ ስለሌለው ዋስ ለማግኘት ይቸገራል፤ «ዕዳ ከሜዳ» እንዲሉ ለማያውቁት ሰው ዋስ መሆንን ሁሉም ይፈራዋልና። ሁለተኛ፣ በሽማግሌው ጉባኤ ባለመሬቱ የሚከበር ሰው ሲሆን ጭሰኛው ዝቅ ብሎ የሚቆም ሰው ነው። ሦስተኛ፣ የተሰጠ ጊዜ ዋጋ አለው፤ ኪራዩ የተራዘመለት ጭሰኛ ያንን ክረምት በባለመሬቱ ማሳ ላይ ያለ ደመወዝ ሲሠራ ቢቆይ እምቢ ሊል አይችልም። በዚህ ዐይነት ምሕረቱ ራሱ ወደ ሌላ ኪራይ ይለወጣል።

፮. የከተማው ኪራይ

ከተማው ከገጠሩ የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር አለ። በገጠር ጭሰኛ ማለት ድኻ ማለት ነበር፤ በከተማ ግን ተከራይ ሁልጊዜ ድኻ አይደለም። በጅማና በአጋሮ የቡናና የሸቀጥ ንግድ በብዙ ወገን በየመን ዐረቦች፣ በግሪኮችና በሌሎች የውጭ አገር ነጋዴዎች እጅ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ሀብት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር። ስለዚህ ባለብዙ ገንዘብ የሆነው ነጋዴ ተከራይ፣ ከእርሱ ያነሰ ሀብት ያለው የአገር ሰው ደግሞ አከራይ ሆኖ ይገኛል። ኪራይ በቀረ ጊዜ የሚጎዳው አከራዩ ሊሆን ይችላል፤ በሱቁ ኪራይ ልጆቿን የምታሳድግ መበለት የሦስት ወር ኪራይ ቢቀርባት ከባለሱቁ ይልቅ የምትቸገረው እርሷ ናት።

ከዚህም ሌላ የከተማው ኪራይ ከቡናው ጋር በረዥም የብድር ሰንሰለት የተሳሰረ ነው። አቅራቢው ለሰብሳቢው፣ ሰብሳቢውም ለገበሬው በክረምት ገንዘብ ያስቀድማል፤ ገበሬው ከባለሱቁ ጨውና ጨርቅ በዱቤ ይወስዳል፤ ባለሱቁም ኪራዩን ያዘገያል። የአንድ ፈረሱላ ቡና፣ ማለት የ17 ኪሎ፣ ዋጋ በወደቀ ጊዜ ጉዳቱ በዚህ ሰንሰለት እየወረደ መጨረሻ ላይ በአከራዩ ላይ ያርፋል። በ1981 ዓ.ም. ማብቂያ የዓለም የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዐት በፈረሰ ጊዜ የዓለም ዋጋ እጅግ ዝቅ እንዳለ ይታወቃል፤ በለንደንና በኒው ዮርክ የተወሰነ ዋጋ እንደዚህ ባለው ሰንሰለት በኩል እስከ አጋሮ የሱቅ ኪራይ ይደርሳል።

፯. የተጻፈው ሕግ

በፊተኛው ዘመን ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በቁራኛ ይታሰር ነበር፤ ዕዳው በሰውነቱ ላይ ነበረ። ዘመናዊው ሕግ ዕዳን ከሰውነት ወደ ንብረት አዛወረው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይና ስለ እርሻ መሬት ኪራይ ለየብቻው ደንግጓል።

በቤት ኪራይ ረገድ ሕጉ የቀን ቈጠራን መሠረት ያደርጋል። ተከራዩ በቀጠሮው ቀን ባይከፍል አከራዩ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ውሉ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ የተደረገ ከሆነ 30 ቀን፣ አለዚያ 15 ቀን ይሰጠውና በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልከፈለ ውሉ እንደሚፈርስ ያስታውቀዋል። ለዘገየው ገንዘብ በሕግ የተወሰነው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ነገር ግን ውሉ ፈረሰ ማለት አከራዩ በገዛ እጁ ተከራዩን ያስወጣል ማለት አይደለም። በይዞታው ላይ ያለ ሰው በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ፣ በር መንቀል፣ ቁልፍ መለወጥ፣ ዕቃ ወደ ውጭ መጣል የተከለከለ ነው፤ ማስለቀቅ የሚቻለው በዳኛ ትእዛዝ ነው። አከራዩም ቸል ሊል አይገባውም፤ ሁለት ዓመት ሳይጠየቅ የቈየ ኪራይ እንደ ተከፈለ ይገመታልና።

በእርሻ መሬት ረገድ ሕጉ በድርሻ የሚከፈለው ኪራይ ከምርቱ ከአራት እጅ ሦስቱን እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህ ወሰን ለጭሰኛው ጥበቃ ተብሎ የተጻፈ ቢሆንም፣ በልማድ ከታወቀው ከእኩልና ከሲሶ የበለጠ ነበር። ከዚህም በላይ ውሉ ብዙውን ጊዜ በቃል ስለ ነበረ፣ በዳኛ ፊት የቆመ ጭሰኛ ምን ያህል እንደ ተዋዋለና ምን ያህል እንደ ከፈለ የሚያስረዳበት ወረቀት አልነበረውም። በ1957 ዓ.ም. በየካቲት ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ፤ በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታ ማሻሻያን ሥራ የሚመለከት መሥሪያ ቤት ቆመ፤ የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስነው የሕግ ረቂቅ ግን ለምክር ቤቱ ደጋግሞ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ።

ሕጉ እርሱ በሚመለከታቸው ነገሮች ላይ ልማዳዊ ደንብን ሁሉ ሽሯል። ሆኖም ሽማግሌውን በፊት ለፊት በር አስወጥቶ በጓሮ በር አስገብቶታል። ባለጉዳዮች በእርቅ ቢስማሙ ስምምነታቸው እንደ መጨረሻ ፍርድ የጸና እንዲሆን ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል። ስለዚህ «ቡናው እስኪገባ» የሚለው የሽማግሌ ቃል በጽሑፍ ሰፍሮ ሁለቱ ወገኖች ቢፈርሙበት በሕግ ዘንድ ኃይል ያገኛል።

፰. ዕዳው የተሰረዘበት ዓመት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቊጥር 31 የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት አቆመ፤ ጭሰኛውንም ከኪራይ፣ ከዕዳና ለባለመሬቱ ካለበት ከማናቸውም ግዴታ ነጻ አወጣው። በዚያ ቀን «ቡናው ገባ ወይ?» የሚለውም «ቀኑ አለፈ ወይ?» የሚለውም ጥያቄ አብሮ ወደቀ። ዛፉ የማን ነው ለሚለው ጥያቄም መልሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተከለው ሰው የሚያደላ ሆነ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቊጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አነስተኛውንም ኪራይ ቀነሰ። ወርኀዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ዋሉ። በኪራይ የምትኖረው መበለትም ከባለብዙ ቤቱ ባለሀብት ጋር በአንድ ሚዛን ተመዘነች፤ ኪራይ ያልቀረባት ሴት ቤቱ ራሱ ቀረባት።

፱. በዛሬው ጊዜ

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ስለ ቀጠለ የቀድሞው ጭሰኝነት አልተመለሰም። በ1999 ዓ.ም. በወጣው የኦሮሚያ ክልል ሕግ ገበሬው ከይዞታው እስከ ግማሽ ድረስ ማከራየት ይችል ነበር፤ በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ሰው ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ነበር። የእኩል እርሻም ቀርቶ አያውቅም፤ ነገር ግን የሰዎቹ ቦታ ብዙ ጊዜ ተገልብጧል። ዛሬ መሬቱን በእኩል የሚሰጠው ሽማግሌ፣ መበለት ወይም በሬ ያጣ ገበሬ ሊሆን ይችላል፤ የሚያርሰው ደግሞ በሬና ጉልበት ያለው ሰው ነው። ድርሻው ቢቀር የሚደክመው ባለይዞታው ነው።

በከተማም የግል አከራይ ተመልሷል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቊጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቊጥር 1320 በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ሕግ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ተከራዩ ለመጀመሪያ ጊዜ 15 ቀን፣ ለሁለተኛ ጊዜ 7 ቀን ካዘገየ ግን አከራዩ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። አዋጁ ለተከራዩ በዘመን ረገድ ያሰፋለትን በቀን ረገድ አጥብቦበታል። የንግድ ቤት ኪራይ በዚህ አዋጅ ስላልተሸፈነ፣ ለቡና ነጋዴውና ለባለሱቁ የሚሠራው አሁንም የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ነው።

፲. ማጠቃለያ

ከላይ ከተነገረው ሦስት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ አከራይ ሁልጊዜ ብርቱ፣ ተከራይም ሁልጊዜ ደካማ አይደለም፤ ብርታትና ድካም ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከዘመን ወደ ዘመን ይገለባበጣል። ሁለተኛ፣ ልማዱ ያጣውን ከካደው ስለሚለይ ለቡና አገር የሚስማማ ቢሆንም፣ ዋስ የሌለውን መጻተኛ ይረሳል፤ ሕጉ ደግሞ መጻተኛውንና የአገሬውን ሰው እኩል ቢያይም፣ ያጣውንና የካደውን በአንድ ቀን ቈጥሮ ያስወጣል። ሦስተኛ፣ ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻልበት መንገድ በሕጉ ውስጥ ራሱ ይገኛል። የክፍያው ቀን በውሉ ውስጥ ከለቀማው ወራት ጋር ተስማምቶ ቢጻፍ፣ የሽማግሌዎቹም እርቅ በጽሑፍ ቢሰፍር፣ ዋስ ያጣው ሰው ወረቀቱ ዋስ ይሆነዋል፤ አከራዩም በክረምት የማያገኘውን ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ በታኅሣሥ የሚያገኘውን ገንዘብ በመጠበቅ መብቱን ያስከብራል። ይህ ካልሆነ ግን በየክረምቱ በነሐሴ የሚያስለቅቅ ትእዛዝ ይወጣል፤ በኅዳር ዕዳውን ሊከፍል ይችል የነበረው ሰውም ቡናው በሚቀላበት ጊዜ ምድጃው ፈርሶ ይገኛል።